ሠላሳ ዘጠኝ ላይ የቆመው ማሽን

«ያንን ነገር አጥፊው እንጂ» አለቻት አክስቷ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአገጯ ወደ ውስጥ እያመለከተች። «እሱ ከሞተ ጀምሮ እንደበራ ነው። ሐዘን ቤት ነው፤ ሰው ምን ይላል?»

ልጅቱ ወደ አባቷ የሥራ ክፍል የገባችው ወንበር ፍለጋ ነበር። ሐዘኑ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ሳሎኑ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ዘግይቶ የደረሰው ለቀስተኛ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ከፔርሙስ የተቀዳለትን ቡና ይጠጣል። የሥራ ክፍሉ መንገድ ዳር ያለ፣ ከሳሎኑ በአንድ በር ብቻ የሚለይ ነው። በሩን ስትከፍት ዓይኗን የያዘው ሰማያዊ ብርሃን ነበር። ጠረጴዛው መሀል ሆዱ የተከፈተ አሮጌ ኮምፒዩተር ተቀምጧል፤ አጠገቡ ያለው ሞኒተር የዛሬ ሦስት ቀን የጻፈውን አሁንም እንደጻፈ ነው። ፋይሉን መገልበጥ አልተቻለም፤ እንደገና ለመሞከር ይህን ይጫኑ፣ ለመተው ያንን ይጫኑ። ከሥሩ ቁጥር አለ፤ ሃምሳ ስምንት በመቶ።

የሚጫን ሰው አልነበረም። አባቷ ያን ቀን ማታ «ነገ እናየዋለን» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ፣ እራቱን በላ፣ ተኛ፤ ጠዋት አልነቃም። እናቷ ክፍሉን ጠርጋለች፣ መስኮቱን ከፍታለች፣ የተረፈ ሻዩን ደፍታ ብርጭቆውን አጥባለች። ማሽኑን ለማጥፋት ግን እጇ አልታዘዘላትም።

«ይቆይ፣ እትዬ» አለች ልጅቱ፣ ሁለት ወንበር አንሥታ እየወጣች። አክስት ከንፈሯን መጠጠች።

ሟቹን ሰፈሩ «ጋሽ ብሎን» ነበር የሚለው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኮምፒዩተር ሲጠግን አንዲት ብሎን ጥሎ አያውቅም፤ የቡና ጣሳ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ የሕፃን ዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሁሉ በብሎን ተሞልቶ መደርደሪያው ላይ ይሰለፋል። ማሽን ገጥሞ ሲጨርስ ሦስት ብሎን ከተረፈው ደንበኛውን «ቀለል አደረግንልህ» ይለዋል። ደንበኛው ስቆ ከሄደ በኋላ ግን በሩን ዘግቶ እንደገና ይፈታዋል። ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ለቀስተኞችም ይህንኑ እያነሡ ነበር፤ ልብስ ሰፊው ጎረቤት ሲያወራ አንዳንዱ ፈገግ ይልና የት እንዳለ ትዝ ሲለው ፊቱን ያጨፈግጋል። አንዷ ሴትዮ እንዲያውም አልቅሳ ስታበቃ ወደ ልጅቱ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ባለፈው ወር የተወችው ፕሪንተር ደርሶ እንደሆነ ጠየቀቻት።

ልጅቱ ለሁሉም «እሺ፣ አያለሁ» ትላለች። ሌላ ከተማ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ የምታስተዳድራቸው ማሽኖች አዳዲስ፣ ብርድ ክፍል ውስጥ የተቆለፉ፣ ብዙዎቹን በእጇ ነክታቸው እንኳ የማታውቅ ናቸው። ሥራውን ያስጀመራት ግን ይህ ሰው ነው። ከዚህ ሰው ጋር ደግሞ ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም።

የተጣሉት በአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው። ለዕረፍት መጥታ ሳለ፣ ከእሷ ዕድሜ ጥቂት የሚያንስ ማሽን ላይ አራት ቀን ጎብጦ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል፣ ወገቡን በእጁ ደግፏል፣ ደንበኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። አሳዘናት። ሲያሳዝኗት መናደድ ልማዷ ነውና «አባዬ፣ ይሄ እኮ ጥገና አይደለም፤ ሬሳ ማገላበጥ ነው። አይበቃህም?» አለችው፣ በደንበኛው ፊት። አባቷ ወደ ማሽኑ ተመለሰ። የቀሩትን ሁለት ብሎኖች አጠበቀ፣ ማሽኑን ለባለቤቱ አስረከበ፣ እጁን ሊታጠብ ወጣ። እሷ በማግስቱ ሄደች። ከዚያ በኋላ ስትደውል ለእናቷ ነው፤ እሱ ስልኩን ተቀብሎ አያውቅም፣ እሷም «ስጪው» ብላ አታውቅም። በግትርነት የሚያህላቸው አልነበረም፣ ሁለቱንም።

አሁን ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ተቀምጣ የምትፈልገው አንድ ነገር ማወቅ ብቻ ነው፤ ተቀይሟት ነው የሞተው ወይስ አልተቀየማትም? «እግዜር ያጽናሽ» የሚላትን ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን ታያለች፤ ምናልባት ነግሮት ይሆናል እያለች። ማንም ምንም አልተነገረውም። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እናቷን ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ስታገኛት ጠየቀቻት። እናቷ የያዘችውን ኩባያ አስቀመጠች።

«አልዋሽሽም፣ ልጄ» አለቻት። «ስምሽን ሲያነሣ አልሰማሁም።»

ልጅቱ ኩባያዎቹን ማጠብ ቀጠለች። የታጠቡትንም ደግማ አጠበቻቸው።

ለቀስተኛው ቀለል ሲል ወደ ሥራ ክፍሉ ተመልሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከኪቦርዱ አጠገብ ደብተሩ ተገልጦ ነበር። አባቷ ለእያንዳንዱ ማሽን የሞከረውን ሁሉ ይጽፋል፤ ጽሑፉ ደቃቅና ቀጥ ያለ ነው። ጠርዙ ላይ በእርሳስ ቁጥሮች ከነቀናቸው ተደርድረዋል። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ሰባ አንድ ላይ ቆመ። አሥራ ሁለት ላይ። ስድሳ አራት ላይ። ሃምሳ ስምንት ላይ። የድሮውን ሲስተም ከሲዲ ሲጭን፣ መጫኑ በመቶ ስንት ላይ እንደቆመ በየሙከራው መዝግቧል።

አንብባ እንኳ አልጨረሰችም፣ ነገሩ ገባት። ይህን ፈተና ያለፈችው በአሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ወንበሩ ላይ ሦስት ወፍራም የስልክ ማውጫ ደርቦ ያስቀምጣት ነበር፤ ስለምታዘው «አለቃ» ይላታል። «በይ አለቃ» ይላል ካቻቢቴውን እያቀበላት፣ «ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ማንን ትጠረጥሪያለሽ?» ሲዲውን ነው፤ ተጭሯል ማለት ነው። «ቦታ እየቀያየረ ከቆመስ?» ሜሞሪውን። «ሌላ ቦታ ትደክሚያለሽ?» አልደክምም። በዚያ ዕድሜዋ ሜሞሪ ማሽኑ የሚሠራውን ለጊዜው የሚይዝበት ሰሌዳ መሆኑን ገና በደንብ አታውቅም፤ መልሱን ግን ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት ትለዋለች።

እና ሠላሳ ዘጠኝ፣ ሰባ አንድ፣ አሥራ ሁለት እያለ በገዛ እጁ የጻፈ ሰው፣ እንዴት አሥራ አንድ ቀን ሜሞሪውን ሳይጠረጥር ቀረ? ሲዲውን ሦስት ጊዜ ቀይሯል። ኬብሉን ቀይሯል። ኃይል የሚሰጠውን ፓወር ሰፕላይ አውጥቶ ሌላ ሞክሯል። አቧራውን ጠርጓል፣ ማራገቢያውን ዘይት ቀብቷል፤ ምንም የማይመለከተውን፣ ሰዓት የሚያስቆጥረውን ትንሽ ባትሪ ሳይቀር ለውጧል። ከሳሎን የአክስቷ ሹክሹክታ በበሩ ስንጥቅ ይገባል፤ «በመጨረሻ እንኳ የድሮው እሱ አልነበረም። ልቡ ሄዶ ነበር። ድሮ ግማሽ ቀን በማይፈጅበት ነገር ላይ…» ልብስ ሰፊውም «እውነትሽን ነው፣ ሰሞኑን ስጠራው አይሰማኝም ነበር» ይላል።

ልጅቱ ደብተሩን ዘጋችው። አእምሮው እየከዳው ብቻውን እዚህ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፣ እሷ አንድ ቀን ሳትደውልለት። ይህን ከማሰብ ተቀይሟት መሞቱ ሳይሻል አይቀርም አለች ለራሷ፤ ወዲያው ደግሞ እንደማይሻል አወቀች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አንድ መምህር መጣ። ስድሳውን ያለፈ፣ ዓይነ ስውር፣ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ነው፤ ቤቱን ስለሚያውቀው በዘንጉ ደፉን አንድ ጊዜ ብቻ ነካ አድርጎ ገባ። ከእናትየዋ ጋር ለረጅም ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ተቀመጡ። ከዚያ ልጅቱን አስጠርቶ፣ ማሽኑ የእነሱ መሆኑን ነገራት። በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤቱ ያለችው አንዲት የብሬል ማተሚያ አሮጌ ስለሆነች የምትታዘዘው ለዚያ ማሽንና ለዚያ ለድሮው ሲስተም ብቻ ነው። ጋሽ ብሎን አንድ ላይ ሊሞክራቸው ብሎ ማተሚያዋንም አስመጥቷት፣ ይኸው ጠረጴዛው ሥር በጨርቅ ተሸፍና ተቀምጣለች። ከነገ ወዲያ ፈተና አለ፤ ዘጠኝ ተማሪዎች ይፈተናሉ።

«እንዳትጨነቁ ብዬ ነው የመጣሁት» አላት። «እንዳለ ስጡኝ። ጥያቄዎቹን ነጥብ በነጥብ በእጄ እየወጋሁ አደርሳለሁ።»

«ስንት ገጽ ነው፣ መምህር?»

«አርባ ሁለት» አለ፣ ጥቂት እንዳመነታ። በዘጠኝ ተማሪ ሲባዛ ስንት እንደሚሆን ሁለቱም ያውቁታል።

«እስከ ማታ ይስጡኝ» አለችው።

አክስት ይህን ስትሰማ ተከትላት ገባች። አባት ከሞተ በአራተኛ ቀኑ ብሎን የሚፈታ ልጅ አይታ እንደማታውቅ፣ ለቀስተኛ ሳሎን ተቀምጦ እሷ እዚህ ብትገኝ ስም እንደሚወጣላት፣ ለአባቷ ያላት ክብር ድሮም የሚታወቅ እንደሆነ ነገረቻት። የመጨረሻዋ ቃል አጥንቷ ድረስ ገባች፤ ልጅቱ ግን ካቻቢቴውን አላስቀመጠችም። መምህሩ ከበሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እኔም ለቀስተኛ ነኝ፣ እዚህ እቀመጣለሁ» አለ። አክስት ዓይነ ስውሩን ሽማግሌ አልፋ ወጣች።

ልጅቱ ማሽኑን አጠፋችው። ከአራት ቀን በኋላ ማራገቢያው ዝም ሲል ክፍሉ እንግዳ ሆነባት። ከዚያ አባቷ «ምርመራ» ብሎ የጻፈበትን ሲዲ ከመሳቢያ አውጥታ አስገባችና አስነሣችው። ይህ ሲዲ ሜሞሪው ላይ እየጻፈ መልሶ ያነባል፤ የጻፈውንና ያነበበውን ያስተያያል፤ ከተለያየ በቀይ ያሳያል። አንድ ደቂቃ ምንም የለም። ሁለተኛው ደቂቃ ሳይሞላ የመጀመሪያው ቀይ መስመር መጣ። ከዚያ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ቀይ ሆነ።

«ምን አገኘሽ?» አለ መምህሩ፤ አተነፋፈሷ ሲለወጥ ሰምቷል።

«ሜሞሪው ነው።»

ማሽኑን አጥፍታ፣ በሁለት አውራ ጣቷ መያዣዎቹን ገፋ አድርጋ አወጣችው። ከጣት ረዘም ያለ ቀጭን አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። ወደ መስኮቱ አዞረችው። ጠርዙ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፤ ወረቀቱ ላይ የንብረት ቁጥር አለ። የመሥሪያ ቤቷ ቁጥር።

የዛሬ አምስት ወር ነው። መሥሪያ ቤቷ አሮጌ ማሽኖች ሲያስወግድ፣ ከክምሩ ውስጥ አንድ ሜሞሪ አስፈቅዳ ወሰደች። የዚህ ዓይነቱ አሁን ገበያ ላይ እንደማይገኝ፣ አባቷ ቢያገኘው እንደሚደሰት ታውቃለች። በጋዜጣ ጠቀለለችውና ወደዚህ ለሚመጣ ባልደረባዋ ሰጠችው። ደብዳቤ የለው፣ ሰላምታ የለው። ያ ጥቅል ራሱ ሰላምታ መስሏት ነበር። አንድ ሳምንት ስልክ ጠበቀች፤ ሳይደወልላት ሲቀር «ጥሎታል» አለች። ሳትፈትነው ነው የላከችው። ቸኩላ ነበር፤ ደግሞም እሱ ራሱ ይፈትነዋል ብላ ነው። አባቷ ያልፈተነውን ነገር መደርደሪያ ላይ አያስቀምጥም። በልጅነቷ ለልደቱ የእጅ ባትሪ ገዝታ ስትሰጠው እንኳ ድንጋዮቹን አውጥቶ ኃይላቸውን በሜትር ለክቶ ነው የሳማት።

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠችው፤ ማሽኑ የመጣበት ቀን ጋ ደረሰች። አባቷ እንዲህ ጽፏል። «ዲስኩ ሞቷል፤ ተቀየረ። የራሱ ሜሞሪ ደህና ነው፣ ግን ትንሽ ነው፤ ይንቀራፈፋል። ልጆቹ ሲጠብቁ ይሰለቻሉ። አለቃ የላከችው አለ፤ እሱን አስገባሁ።» ከሥሩ ዕቃዎቹን በዝርዝር አስቀምጦ ከእያንዳንዱ ፊት ምልክት አድርጓል። ዲስክ፣ ተፈትኗል። ኬብል፣ ተፈትኗል። ፓወር፣ ሁለት ጊዜ ተፈትኗል። ሲዲ፣ ሦስተኛው፣ ተፈትኗል። ሜሞሪ የሚለው ፊት ለፊት ግን «ተፈትኗል» አይልም።

«የአለቃ ነው» ይላል።

ልጅቱ ሰሌዳውን በመዳፏ ይዛ ቁጭ አለች። ልቡ አልሄደም። ሠላሳ ዘጠኝን፣ ሰባ አንድን፣ አሥራ ሁለትን ሲጽፍ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ከማንም ይልቅ ያውቃል። ጣቱ ወደዚያ አልሄድ ብሎት ነው። ቢቀየማት ኖሮ ፈትኖት በአሥር ደቂቃ ይገላገል ነበር። ስላልተቀየማት አሥራ አንድ ቀን ለፋ፣ በታመመ ወገቡ፣ በቀላ ዓይኑ፣ እሷ በላከችው የተበላሸ ዕቃ። ደስ አላት፤ እንዲያ ደስ ባላት ቅጽበት ደግሞ ጸጸታት፤ የትኛው እንደቀደመ አታውቅም። ለምን አንድ ቀን እንዳልደወለላት ግን ደብተሩ ውስጥ አልተጻፈም። እሷም ለምን እንዳልደወለች የትም አልጻፈችም።

«ልጄ» አለ መምህሩ በመጨረሻ። «ደብተሩ ምን ይላል?»

ነገረችው። ሜሞሪው ከማን እንደመጣ፣ አባቷ ለምን እንዳልፈተነው፣ ሁለት ዓመት እንዴት እንዳለፈ፣ ምንም ሳታስቀር ነገረችው። መምህሩ እጁን ዘንጉ ላይ ደራርቦ አዳመጠ። ስታበቃ አላጽናናትም። የማሽኑ የራሱ ሜሞሪ የት እንዳለ ብቻ ጠየቃት።

«የተፈተነ» የሚል ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፣ የትምህርት ቤቱ ስም ተጽፎበት። የሚሰካበትን የብረት ጥርሶቹን በላጲስ አሸች፣ አስገባችው፣ የድሮውን ሲዲ መልሳ መጫኑን ጀመረች። ትንሽ ሜሞሪ ነውና ይንቀራፈፋል። አሥራ ሁለትን አለፈ። ሠላሳ ዘጠኝ ሲደርስ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፤ አለፈ። እናቷ ቡና ይዛ ገብታ፣ የሚሆነውን ሳትጠይቅ፣ እሷም ስክሪኑን እያየች ቆመች። ሃምሳ ስምንት። ስድሳ አራት። ሰባ አንድ ላይ የሆነ ነገር እያንኳኳ ቆየና አለፈ። መቶ ሲሞላ ማሽኑ ራሱን አጥፍቶ ራሱን አስነሣ፣ እናቷም ቡናው ቀዝቅዞ እንደያዘችው ነበር።

ማተሚያዋን ከጠረጴዛው ሥር ጎትተው አውጥተው በወፍራሙ ኬብል አገናኟት። ልጅቱ ወፍራሙን ወረቀት አስገባች። መምህሩ ማንኛውንም ነገር ጻፊና ይውጣ አላት፤ ለሙከራ ነው። ኪቦርዱ ላይ እጇን አድርጋ አንድ መስመር ጽፋ ወደ ማተሚያዋ ላከችው።

ማተሚያዋ ወረቀቱን የምትወጋው በብረት ነው፤ ድምጿ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ምስማር የሚመታ ያህል ነው። ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። አክስት በሩን በርግዳ ገባች፤ አፏን ሳትከፍት ግን እናትየዋ እጇን ያዘቻት።

«ይጩህ» አለቻት። «ይሄ ቤት እንደ ሰሞኑ ዝም ብሎ አያውቅም።»

አክስት ወንድሟ ሲቀመጥበት የኖረውን ወንበር አየች፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ድምፅ አለቀሰች። እናትየዋ አቅፋ ወደ ሳሎን መለሰቻት።

መምህሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ ዘረጋው። ሁለት ጣቶቹ ከግራ ወደ ቀኝ ሄዱ። መሀል ላይ ዘገዩ፣ ቆሙ፤ ከዚያ ተመልሰው ከመነሻው አነበቡ። «አባዬ፣ የላክሁልህን ሳልፈትነው ነው የላክሁት። ይቅር በለኝ» ይል ነበር ወረቀቱ።

«ጥርት ብሎ ወጥቷል» አላት።

«የዘለለው ፊደል የለም?»

«አንድም የለም።»

ልጅቱ ከወንበሩ ተነሥታ አጠገቡ በርከክ አለች። በነጩ ወረቀት ላይ ያሉት ትንንሽ ጉብታዎች ለእሷ ሁሉም አንድ ናቸው።

«አባዬ የሚለው የቱ ጋ ነው፣ መምህር?»

መምህሩ እጇን ፈልጎ አገኘ፤ ጠቋሚ ጣቷን ይዞ የወረቀቱ ግራ ጫፍ ላይ አስቀመጠላት። «ከዚህ ይጀምራል» አለና ቀስ አድርጎ እስከ ቃሉ መጨረሻ ወሰዳት፤ ከዚያ እጁን አነሣ። እሷ ጣቷን መልሳ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች።